የመጨረሻው ባላንጣ ዜማ ቅርጽ አለውን? ስለ «ባለ አንድ ክንፉ መልአክ» የሙዚቃ አወቃቀርና ስለ አድናቂዎቹ ክርክር

(የሕዝብ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ፣ ለሌሎቻችሁ ደግሞ ከልጅነታችሁ ጀምሮ የምታውቁት ነው። የምናገረው ስለ አንድ የቪዲዮ ጌም ሙዚቃና በዚያ ሙዚቃ ዙሪያ ስለሚካሄድ ክርክር ነው። የክርክሩ ባለቤቶች ጨዋታውን የተጫወቱና ሙዚቃውን ደጋግመው የሰሙ አድናቂዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ኖታ ማንበብን በመደበኛ ትምህርት አልተማሩም። የሚከራከሩበት ጥያቄ ግን በሙዚቃ ጥናት ውስጥ ከቆዩት ከባድ ጥያቄዎች አንዱ ነው። አንድ ሙዚቃ «ቅርጽ አለው» ስንል ምን ማለታችን ነው? ቅርጹስ የሚገኘው የት ነው? በአቀናባሪው አሳብ ውስጥ፣ በተቀረጸው ድምፅ ውስጥ፣ ወይስ በሰሚው ጆሮ?

የማቀርበው አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ተከራካሪዎቹ አንዱን ነገር በተለያየ ዓይን የሚያዩ ይመስላቸዋል፤ በእውነቱ ግን የሚያዩት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው። አንዱ ሙዚቃው የተሠራበትን መንገድ፣ ሌላው የተቀረጸውን ሙዚቃ፣ ሦስተኛው ደግሞ በጨዋታው መካከል የሚያጋጥመውን ሙዚቃ ያያል። እነዚህን ሦስቱን ስንለያይ የክርክሩ ትልቁ ክፍል ይረግባል። የሚቀረው ጥያቄ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መጨረሻው አስቀድሞ ያልተወሰነ ሙዚቃ ቅርጽ ሊኖረው ይችላልን?

ሙዚቃውና ጨዋታው

ጨዋታው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ይባላል። ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለፕሌይስቴሽን አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1997 በአገሩ ለገበያ አቀረበው። ሙዚቃውን የደረሰው በ1959 በኮቺ የተወለደው ኖቡዎ ኡኤማትሱ ነው፤ ሙዚቃን በአብዛኛው በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነው። ተጫዋቾች «ቦስ» የሚሉት በአንድ የጨዋታ ምዕራፍ ማብቂያ ላይ የሚቆመውን፣ ከሌሎች ሁሉ የበረታውን ባላንጣ ነው። የዚህ ጨዋታ የመጨረሻ ታላቅ ባላንጣ ሴፊሮዝ ይባላል። ለእርሱ የተደረሰው የውጊያ ዜማም «ባለ አንድ ክንፉ መልአክ» የሚል ስም አለው።

ሙዚቃውን ላልሰማችሁ ባጭሩ ልግለጸው። ሲጀምር መዘምራን የሉም። መጀመሪያ የሚሰማው ዝቅ ባለ ድምፅ የሚደጋገም፣ እንደ መዶሻ የሚወርድ ምት ነው። በዚያ ላይ የክር መሣሪያዎችና የነሐስ መሣሪያዎች አጫጭር ሐረጎችን እየወረወሩ ይመጣሉ፤ አንዱ ሐረግ ሳይበስል ሌላው ይተካዋል። ሰሚው በዚህ መካከል ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ መዘምራኑ በላቲን ቋንቋ ይገባሉ፤ ስለሚነድድ ቁጣ ሁለት ጊዜ ከዘመሩ በኋላ የባላንጣውን ስም ጮኸው ይጠራሉ። ይህ ይደገማል፤ ስለ ጨካኝና ባዶ ዕጣ የሚናገር ክፍል ይከተላል፤ በኋላ ደግሞ «ና» እያለ የሚለምን፣ ምቱ የተቻኮለ ክፍል ይመጣል፤ የስሙ ጩኸትም እንደገና ይሰማል። ውጊያው እስካላበቃ ድረስ ሙዚቃው ዞሮ ይመለሳል እንጂ አይቆምም።

በተከታታዩ የፋይናል ፋንታሲ ጨዋታዎች ውስጥ በእውነተኛ ሰዎች የተዘመረ ግጥም ያለው የመጀመሪያው ዜማ ይህ ነበር። ተጫዋቹ ይህን ድምፅ የሚሰማው ደግሞ አሥርት ሰዓታት ከተጫወተ በኋላ ነው። በነዚያ ሰዓታት ሁሉ አንድም የሰው ዝማሬ ያልሰማ ጆሮ፣ በመጨረሻው ውጊያ ላይ መዘምራን ሲገቡ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ሦስቱ ወገኖች

ከአድናቂዎች የሚሰሙትን አሳቦች በሦስት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ወገን ሙዚቃው ቅርጽ የለውም ይላል። ማስረጃው የራሱ የደራሲው ቃል ነው። ኡኤማትሱ ይህን ሥራ እንዴት እንደሠራው በቃለ መጠይቆች ተናግሯል፤ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ወደ ሥራ ቦታው እየመጣ በዚያች ቀን የመጣለትን አጭር ሐረግ ብቻ ቀዳ፤ ሐረጎቹ ከተጠራቀሙ በኋላ እንደ መገጣጠሚያ ሥዕል ቁርጥራጮች አቀያይሮ ደረደራቸው። ስለዚህ፣ ይላል ይህ ወገን፣ የምንሰማው ቁርጥራጭ ነው፤ በቁርጥራጭ ውስጥ አንድነት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛው ወገን ሙዚቃው በግልጽ የሚታወቅ ቅርጽ አለው ይላል። የባላንጣው ስም እየተመላለሰ ስለሚጠራ ጠቅላላው ሥራ አዝማች ያለው ነው፤ አዝማቹ በየመካከሉ አዳዲስ ክፍሎችን እያስገባ ስለሚመለስም በአውሮፓ ሙዚቃ ሮንዶ ከሚባለው ቅርጽ ጋር ይመደባል።

ሦስተኛው ወገን ደግሞ የሙዚቃው ቅርጽ ትረካ ነው ይላል። በመጠበቅ ይጀምራል፤ በቁጣ ይገለጣል፤ ወደ ዕጣ ፈንታ ይሸጋገራል፤ በልመና ይደመደማል። የሚያስተሳስረው የባላንጣው ባሕርይ ነው።

ሦስቱም ወገኖች የያዙት እውነት አላቸው። ሦስቱም ደግሞ ከያዙት በላይ ይናገራሉ። ተራ በተራ እንመልከታቸው።

የተሠራበት መንገድ ምን ያስረዳል?

የመጀመሪያው ወገን የሚጠቅሰው ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ ድምዳሜው ግን ከማስረጃው አይወጣም። አንድ ቤት የተሠራው ከተለያየ ቦታ በተለቃቀመ ድንጋይ ነው ማለት ቤቱ ዕቅድ የለውም ማለት አይደለም። ሐረጎቹ የመጡበት ቅደም ተከተል አንድ ነገር ነው፤ የተደረደሩበት ቅደም ተከተል ሌላ ነገር ነው። ኡኤማትሱ ራሱ ሁለት ሥራ እንደሠራ ነው የነገረን፤ መጀመሪያ ሰበሰበ፣ ቀጥሎ ደረደረ። ቅርጽ የሚወለደው በሁለተኛው ሥራ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ደራሲው ስለዚህ ዜማ ሲናገር ሁለት ስሞችን ይጠራል፤ ኢጎር ስትራቪንስኪንና ጂሚ ሄንድሪክስን። ከሄንድሪክስ የሚጠቅሰው በ1967 የወጣውን «ፐርፕል ሄዝ» ነው፤ መግቢያው ለጆሮ በሚጎረብጥ የድምፅ ርቀት የተሠራ የጊታር ዘፈን ነው። ከስትራቪንስኪ የሚጠቅሰው ደግሞ ሜይ 29 ቀን 1913 በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ በአዳራሹ ውስጥ ሁከት ያስነሣውን «የጸደይ ሥርዓት» ነው። ይህ ሁለተኛው ስም ለክርክራችን ትልቅ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ስትራቪንስኪም በዘመኑ «ቆራርጦ የሚቀጥል» ተብሎ ተነቅፏል።

አሜሪካዊው የሙዚቃ ሊቅ ኤድዋርድ ኮን በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን የስትራቪንስኪ ዘዴ መርምሯል። እንደ ኮን ትንታኔ፣ ስትራቪንስኪ አንዱን የሙዚቃ ክፍል ሳይጨርስ ድንገት ይቆርጠውና ሌላ ያስገባል፤ የተቆረጠው ግን ጠፍቶ አይቀርም፤ በሰሚው ኅሊና ተንጠልጥሎ ይቆያል። ኋላ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። እንዲህ ያሉ የተቆራረጡ መስመሮች እርስ በርሳቸው ይተሳሰሩና በመጨረሻ ወደ አንድ ይመጣሉ። በዚህ ዓይን ስናየው መቁረጥ ራሱ የቅርጽ ዘዴ ነው።

አጫጭር ሐረጎችን እየገጣጠሙ ታላቅ ሥራ መሥራት ለእኛ እንግዳ አሳብ ሊሆን አይገባም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ውስጥ ምልክት የሚባለውን የዜማ አጻጻፍ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። አንዲቱ ምልክት የምትወክለው ነጠላ ድምፅን አይደለም፤ ከታወቀ ቃል የተቀነጨበች ፊደል ሆና አንድ የዜማ ሐረግን በመሉ ታስታውሳለች። መሪጌታው እነዚህን የታወቁ ሐረጎች በየድርሰቱ በተለያየ ሥርዓት ሲያገኛቸው «ይህ ቁርጥራጭ ነው» አይልም። ይህን የጠቀስሁት በጃፓኑ ደራሲና በዜማችን መካከል ግንኙነት አለ ለማለት አይደለም፤ የለም። ከሐረግ ተነሥቶ መሥራት በራሱ የቅርጽ ጉድለት እንዳልሆነ ከምናውቀው ነገር ለማስረዳት ነው።

ታዲያ ድርደራው እውነተኛ ድርደራ መሆኑን በምን እናውቃለን? ማንኛችሁም በቀላል የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ልትሠሩት የምትችሉት ፈተና አለ። ክፍሎቹን አቀያይሯቸው። መዘምራኑን ወደ መጀመሪያው ብታመጧቸው ረጅሙ መጠበቅ ይጠፋል፤ የመግባታቸው ኃይልም አብሮ ይጠፋል። የተቻኮለውን የልመና ክፍል ከቁጣው ክፍል በፊት ብታስቀምጡት ውጥረቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የስሙ ጩኸትም ከምን እንደመጣ አይታወቅም። ቦታ መለዋወጥ ጉዳት ካደረሰ ቦታው ትርጉም ነበረው ማለት ነው።

ለመጀመሪያው ወገን ግን የሚገባውን ልስጠው። በመግቢያው ውስጥ ያሉትን የመሣሪያ ሐረጎች አንዱን ከሌላው ብትለዋውጧቸው ብዙ ሰሚዎች ልዩነቱን የሚያውቁት አይመስለኝም። እዚያ ቦታ ላይ ደራሲው የፈለገው ሥርዓትን ሳይሆን መጨናነቅን ነው። ስለዚህ ሙዚቃው በሙሉ በአንድ ዓይነት ጥብቀት አልተያያዘም፤ መግቢያው የላላ፣ የመዘምራኑ ክፍል የጠበቀ ነው። «ቅርጽ አለው» ወይም «የለውም» ብሎ በአንድ ቃል መፍረድ ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል።

አዝማች ወይስ ማሰሪያ?

ወደ ሁለተኛው ወገን እንሂድ። ሮንዶ የሚባለው ቅርጽ የራሱ መስፈርት አለው። ተመልሶ የሚመጣው ክፍል በራሱ የቆመ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ዜማ መሆን አለበት፤ ሲመለስም ሰሚው ወደ ቤቱ የገባ ያህል ሊሰማው ይገባል። የእኛም የዘፈን አዝማች እንዲሁ ነው፤ ተቀባዮቹ ሲያነሡት ሙሉ አሳብና ሙሉ ዜማ ይዞ ይነሣል።

የሴፊሮዝ ስም ጩኸት ይህን መስፈርት አያሟላም። እጅግ አጭር ነው፤ በራሱ አይቆምም፤ ሲሰማም ማረፍን ሳይሆን መደንገጥን ያመጣል። ስለዚህ አዝማች ብሎ መጥራት ስሙን ከግብሩ ጋር አያስማማም። እኔ ከሙዚቃ ይልቅ ከሰዋስዋችን ቃል ብበደር እመርጣለሁ፤ ጩኸቱ ማሰሪያ ነው። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ድረስ ሰሚው አሳቡን በእጁ ይዞ ይጠብቃል፤ ግሱ ሲነገር ያለፈው ሁሉ ይታሰራል። መዘምራኑ ስለ ቁጣ ሲዘምሩ የማን ቁጣ እንደሆነ አናውቅም። ስሙ ሲጠራ ያለፈው ስንኝ ባለቤት ያገኛል።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። አዝማች ካልነው የሙዚቃው ክብደት ያለው በተመላሹ ላይ ነው፤ ሌላው በመካከል የሚገባ ነው። ማሰሪያ ካልነው ግን ክብደቱ በእያንዳንዱ አንጓ ውስጥ ባለው ጉዞ ላይ ነው፤ ጩኸቱ ጉዞውን ይዘጋል። ሁለቱ አሰማሞች የተለያዩ ናቸው። የኋለኛው ከምንሰማው ጋር ይበልጥ ይስማማል ብዬ አምናለሁ።

ግጥሙ ምን ይመሰክራል?

ሦስተኛው ወገን ሙዚቃው ትረካ ነው ሲል ዋና ምስክሩ ግጥሙ ነው። እዚህ ላይ አድናቂዎች አንድ ተጨማሪ ክርክር ያነሣሉ፤ «ከካርል ኦርፍ የተቀዳ ነው» ይላሉ። ነገሩን በማስረጃ ማየት ይቻላል።

ካርሚና ቡራና የሚባለው የመካከለኛው ዘመን የግጥም ስብስብ በ1803 በባቫርያ ቤኔዲክትቦይርን ገዳም የተገኘ ሲሆን በውስጡ 254 ግጥሞችና የመድረክ ጽሑፎች አሉ። ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ ከነዚህ 24ቱን መርጦ በሙዚቃ አቀናበራቸው፤ ሥራው በ1937 በፍራንክፈርት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። የሴፊሮዝ ዜማ ቃላት ደግሞ በስብስቡ ውስጥ ተራርቀው ከሚገኙ ከአራት ግጥሞች የተቀነጨቡ ናቸው። አራቱም ኦርፍ ከመረጣቸው 24 መካከል ይገኛሉ። ከ254 ግጥሞች በዘፈቀደ አራት ቢወጡ አራቱም በነዚያ 24 ውስጥ የመውደቃቸው ዕድል ከኢምንት ያነሰ ነው። ስለዚህ ቃላቱ በኦርፍ ሥራ በኩል እንደመጡ መደምደም ምክንያታዊ ነው። ይህ ግን ስለ ቃላቱ ብቻ የሚናገር ነው። የዜማው ሐረጎች፣ የምቱ አካሄድና የክፍሎቹ አደራደር የኦርፍ አይደሉም። «ቃሉን ወሰደ» እና «ሙዚቃውን ቀዳ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሲረጋገጥ ሁለተኛው አብሮ አይረጋገጥም።

የሚደንቀው ቃላቱ ከቦታቸው ሲነሡ የደረሰባቸው ለውጥ ነው። ስለ ውስጣዊ ቁጣ የሚናገረው ስንኝ በመጀመሪያ የ12ኛው መቶ ዘመን ተቅበዝባዥ ባለቅኔ በቀልድ የጻፈው ኑዛዜ ነው፤ መጠጥ ቤት የሚወድ ሰው ራሱን የሚወቅስበት። «ና» የሚለው ልመናም የፍቅር ግጥም ነው፤ አፍቃሪው ወዳጁ ካልመጣችለት እንደሚሞት ይናገራል። በጨዋታው ውስጥ ግን የመጀመሪያው የሚያስፈራ ፍርድ፣ ሁለተኛው ሞትን ፊት ለፊት ያየ ሰው ጩኸት ሆነው ይሰማሉ። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ ትርጉማቸውን የለወጠው በሙዚቃው ውስጥ የተሰጣቸው ቦታ ነው። ይህም ሦስተኛውን ወገን በከፊል ይደግፋል፤ ቅደም ተከተሉ ትረካ ይፈጥራል። በከፊል ብቻ የምለው፣ ላቲን የማያውቅ ተጫዋች ቃላቱን አይረዳምና ነው፤ እርሱ የሚሰማው ትረካ ከግጥሙ ትርጉም አይመነጭም። የሚመነጨው ከመዘምራኑ ድምፅ፣ ከምቱ መፋጠንና ከስሙ ጩኸት ነው።

ማሽኑ የጣለው ገደብ

እስካሁን የተናገርሁት ሙዚቃው በወረቀት ላይ የተጻፈ ይመስል ነው። ነገር ግን ይህ ዜማ በማሽን ውስጥ የተወለደ ነው፤ የማሽኑን ባሕርይ ሳያውቁ ስለ ቅርጹ መከራከር ግማሹን ማስረጃ መተው ነው።

የፕሌይስቴሽን የድምፅ ክፍል በአንድ ጊዜ 24 ድምፆችን ማሰማት ይችላል። ለድምፅ ናሙናዎች የተመደበለት ማኅደረ ትውስታ 512 ኪሎባይት ነው። በሲዲ ጥራት የተቀዳ፣ ያልተጨመቀ ነጠላ ድምፅ ቢቀመጥበት 6 ሰከንድ ያህል ብቻ ይይዛል። ማሽኑ ድምፁን በሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚጨምቀው ቦታው ወደ 20 ሰከንድ ይሰፋል። በዚህ ውስጥ ቫዮሊኑ፣ ነሐሱ፣ ከበሮው፣ የውጊያው ድምፆችና መዘምራኑ ሁሉ መስፈር አለባቸው።

ስለዚህ መዘምራኑ ረጅም ዝማሬ ሆነው ሊገቡ አይችሉም ነበር። አጫጭር ቅንጥብ ሆነው ተቀርጸው፣ ፕሮግራሙ በሚያስፈልግበት ጊዜ እያነሣ ያሰማቸዋል። እንግዲህ የመዘምራኑ ስንኞች ለምን አጭር እንደሆኑና ለምን እንደሚደጋገሙ ስንጠይቅ መልሱ የውበት ምርጫ ብቻ አይደለም፤ መደጋገም ቦታ ይቆጥባል። ነገር ግን ገደብ ያስገደደው ነገር ከሥነ ጥበብ ውጪ ነው ማለት አይደለም። ባለቅኔ በቤትና በምት ይታሰራል፤ ያ እስራት ቅኔውን ቅኔ ያደርገዋል። እዚህም ማሽኑ አጭር ስንኝ ጠየቀ፤ ደራሲው አጭሩን ስንኝ እንደ ውግዘት የሚወርድ አደረገው።

መጨረሻው ያልተወሰነ ሙዚቃ

አሁን ወደ ቀረው ጥያቄ ደርሰናል። በኮንሰርት አዳራሽ የሚሰማ ሙዚቃ መጨረሻው የታወቀ ነው። የውጊያ ዜማ ግን ተጫዋቹ እስኪያሸንፍ ወይም እስኪሸነፍ ድረስ ይዞራል። አንዱ በጥቂት ደቂቃ ያበቃል፤ ሌላው ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ታዲያ የሁለቱ ተጫዋቾች ሙዚቃ አንድ ሙዚቃ ነውን?

ይህን ለማየት የኡኤማትሱ የቀደመ ሥራ ይበልጥ ይጠቅመናል። በ1994 ለሱፐር ፋሚኮም በወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 6» ውስጥ ለመጨረሻው ባላንጣ ለኬፍካ የተደረሰው «ዳንሲንግ ማድ» አራት ክፍሎች አሉት፤ በአልበሙ ላይ ከ17 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። የዚያ ማሽን አቅም ደግሞ ከፕሌይስቴሽን እጅግ ያነሰ ነበር፤ 8 ድምፅና 64 ኪሎባይት ብቻ። ውጊያው በደረጃ የተከፈለ ነው። ተጫዋቹ ሦስት እርከኖችን ካሸነፈ በኋላ ከራሱ ከኬፍካ ጋር ይገናኛል፤ አንዱ እርከን ሲወድቅ ሙዚቃው ወደ ቀጣዩ ክፍል ይሸጋገራል። በውስጡ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚመስል ድምፅና የሮክ ሙዚቃ ጎን ለጎን ይሰማሉ።

ስለዚህ ሥራ አድናቂዎች «አራት ዜማ ነው ወይስ አንድ?» ብለው ይከራከራሉ። አልበሙን የሚሰማ ሰው አራት እንቅስቃሴዎች ያሉትን ሥራ ይሰማል፤ የየክፍሉ ርዝመት ተወስኗል። የሚጫወተው ሰው ግን የየክፍሉን ርዝመት ራሱ ይወስናል። የበረታ ተጫዋች የመጀመሪያውን ክፍል ጥቂት ብቻ ሰምቶ ያልፈዋል፤ የደከመው ደግሞ ደጋግሞ ይሰማዋል። ለሁለቱም የማይለወጠው ነገር ቅደም ተከተሉና የመሸጋገሪያው ምክንያት ነው። ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው በፊት አይመጣም፤ የሚመጣውም በድል ብቻ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ቅርጽን በርዝመት ከለካነው እነዚህ ሥራዎች ቅርጽ የላቸውም። ቅርጽን በዝምድና ከለካነው ግን አላቸው፤ ምን ከምን በፊት እንደሚመጣ፣ ምን ምንን እንደሚያስጠብቅ፣ በምን ምክንያት እንደሚሸጋገር ተወስኗል። እንደ ካረን ኮሊንስና ቲም ሰመርስ ያሉ የዘርፉ ተመራማሪዎች የጌም ሙዚቃን ከጨዋታው ነጥሎ ማጥናት እንደማይበቃ የሚያሳስቡትም ለዚህ ነው።

በሴፊሮዝ ውጊያ ውስጥ ይህን የሚያጎላ አንድ ሁኔታ አለ። ባላንጣው ከሚሰነዝራቸው ጥቃቶች አንዱ በጨዋታው ዓለም አቀፍ እትም ላይ ሁለት ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ትዕይንት ነው፤ በዚያ ጊዜ ተጫዋቹ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ሙዚቃው ግን አይቋረጥም። እየተዋጋ ሳለ በግማሽ ጆሮ የሚሰማው ሰው በድንገት ሙሉ ሰሚ ይሆናል። ጥቃቱ በየትኛው የሙዚቃ ክፍል ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ አልተወሰነም፤ ስለዚህ አንዱ ተጫዋች ያን ጊዜ በመዘምራኑ ቁጣ፣ ሌላው በመግቢያው መዶሻ ያሳልፈዋል። ሁለቱ ተጫዋቾች ኋላ ሲገናኙ «የሙዚቃው ልብ የቱ ነው?» በሚለው ላይ ባይስማሙ ሊደንቀን አይገባም። ሁለቱም የሰሙትን ነው የሚናገሩት።

ሙዚቃው ወደ ኮንሰርት መድረክ ሲወጣ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል፤ መጨረሻ ያስፈልገዋል። በዚያው በ1997 የወጣው የኦርኬስትራ ቅጂም፣ በ2005 ለ«አድቬንት ችልድረን» ፊልም ከሮክ ባንድ ጋር የተሠራው ቅጂም የማይዞር፣ የሚያበቃ ሙዚቃ መሆን ነበረባቸው። ስለዚህ አድናቂዎች ስለ ቅርጹ ሲከራከሩ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛውን ቅጂ?» የሚለው ነው። አንዱ ከጨዋታው፣ ሌላው ከአዳራሹ እየጠቀሰ የሚካሄድ ሙግት ማለቂያ የለውም።

ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህ ሁሉ ለጨዋታ ሙዚቃ ነውን?» ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። ጥያቄው መልስ ይገባዋል።

«ቅርጽ የለውም» የሚለው ፍርድ በሙዚቃ ጥናት ታሪክ ውስጥ ንጹሕ ቃል አይደለም። ከአውሮፓ ውጪ ያሉ ብዙ የሙዚቃ ባህሎች በባዕድ መስፈርት ተለክተው «የሚደጋገም»፣ «መጨረሻ የሌለው»፣ «ያልተደራጀ» ተብለዋል። ለቅሶ አውራጁ ሰው እስኪጽናና የሚያዜመው፣ አዝማሪው ግጥም እስኪሰጠው ድረስ በማሲንቆው የሚያመላልሰው ዜማ ርዝመቱ በሁኔታው የሚወሰን ነው፤ ስለዚህ ግን ሥርዓት የለውም ማለት አይቻልም። ርዝመቱ ያልተወሰነን ሙዚቃ በትክክል ለመስማት የሚያስችል ቋንቋ ማበጀት ለጌም ሙዚቃ ብቻ የሚውል ሥራ አይደለም። በቪዲዮ ጌም ላይ ስሕተት የምንሠራበት መስፈርት በራሳችን ቅርስ ላይም ስሕተት ያሠራናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ስለ ማስረጃ ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ ሦስት ዓይነት ማስረጃዎችን አይተናል፤ የደራሲው ቃል፣ የማሽኑ አቅምና የሰሚው ጆሮ። የደራሲው ቃል ሥራው እንዴት እንደተጀመረ ይነግረናል፤ እንዴት እንደሚሰማ አይነግረንም። የማሽኑ አቅም ምን ሊሆን እንደማይችል ይነግረናል፤ ከሚቻሉት መካከል ለምን ይህ እንደተመረጠ አይነግረንም። ጆሮ ምን እንደሚሠራብን ይነግረናል፤ የሌላው ጆሮ ግን የተለየ ነገር ሊናገር ይችላል። አንዱን ማስረጃ ይዞ የሦስቱን ፈንታ መፍረድ አድናቂዎች ብቻ የሚሠሩት ነገር አይደለም፤ በመመረቂያ ጽሑፎችም ውስጥ ይገኛል።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምክር ስለዚህ ቀላል ነው። በሙዚቃ ቅርጽ ላይ ስትከራከሩ ቅጂውን ለዩ። ክፍሎቹን አቀያይራችሁ ጉዳቱን መርምሩ። የተዋሳችሁት ስያሜ፣ ሮንዶም ይሁን ሌላ፣ መስፈርቱን ያሟላ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካላሟላ የሚሰማውን ነገር በራሳችሁ ቋንቋ ሰይሙት። የአማርኛ ሰዋስው ለሙዚቃ የሚሆን ቃል ሊያበድር እንደሚችል ዛሬ በአንድ ምሳሌ አይተናል፤ ሌሎችም ቃላት የሚጠብቁ ይመስለኛል።

አድናቂዎቹ ክርክራቸውን ይቀጥላሉ፤ መቀጠልም አለባቸው። አንድ ዜማ ከ1997 ጀምሮ ሰዎች ቆም ብለው «ይህ ክፍል ለምን እዚህ መጣ?» ብለው እንዲጠይቁ ካደረጋቸው፣ ያ ጥያቄ ራሱ የሙዚቃ ትንተና መጀመሪያ ነው። የእኛ ድርሻ ጥያቄውን ማክበርና የተሻለ መሣሪያ ማቀበል ነው።

 ጥያቄና አስተያየት ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ጊዜው የእናንተ ነው።